የገረጣው ሳፔራቪ

«አንድ ማሰሮ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ልጅቷ ጋኑን እየከፈተች ስትቀዳ ነው የከረመችው» አለች ናርጊዛ፣ ትኩሱን ዳቦ ከምድጃው ግድግዳ በመንጠቆ እያላቀቀች።

ሰኞ ዕለት አንድ ማሰሮ ነበር። ማክሰኞ አስር ሆነ። ሐሙስ ላይ የታማዝ ልጅ ፒክሪያ የጋሽ ኤሊዝባርን ወይን በበርሜል ሞልታ በከብት መኪና ለከተማ ነጋዴ ስታስጭን የታየች ሆና አረፈች። ማን እንዳያት የሚናገር ግን የለም። ናርጊዛ ስትጠየቅ «ሰው አይቷል» ትላለች። ያ ሰው ማን ነው ሲሏት «እኔ የሰው ስም አላነሳም፤ ሐሜት አልወድም» ብላ ሊጧን ትመታለች። በኮዳላ መንደር ዳቦ የሚገዛ ሁሉ ወሬውንም አብሮ ይዞ ይሄዳል። ዳቦው መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ወሬው አይቀዘቅዝም።

ዓርብ ጠዋት ፒክሪያ ራሷ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ነበር። ናርጊዛ አላየቻትም።

«የቀዳችውን ያህል ደግሞ ውሃ ሞላችበት! የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሳፔራቪ ወይን ላይ ውሃ! እጇ አይንቀጠቀጥም?»

«ስንት በርሜል ነበር እትዬ ናርጊዛ?» አለች ፒክሪያ ከኋላ።

ሰልፉ በአንድ ጊዜ ዞረ። ናርጊዛ መንጠቆዋን እንደያዘች ቀረች።

«ቁጥሩን ይንገሩኝ እንጂ። ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልሳሳት።»

«ልሙትልሽ! እዚህ ነበርሽ እንዴ? እኔ እኮ ሰው ያለውን ነው…»

«ሁለት ዳቦ ይስጡኝ። ወሬውን እዚሁ ትቼው እሄዳለሁ፤ ለሌላ ደንበኛ ይሆንዎታል።»

ዳቦዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። አንገቷ ቀና ያለው ግን እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ብቻ ነበር። ከጥጉ ባሻገር፣ ማንም በሌለበት፣ ዳቦውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች። ትኩሳቱ አቃጠላት፤ ግን አልለቀቀችውም። ውስጧ ከሚነደው ይልቅ እሱ ይሻል ነበር።

ይህ ወሬ በሌላ ሰው ላይ ቢወራ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በጋን አጣቢ ላይ ሲወራ ግን እንጀራ ይዘጋል። በኮዳላ ወይን የሚያድገው አፈር ውስጥ እስከ አንገቱ በተቀበረ፣ ከሰው ቁመት በሚበልጥ የሸክላ ጋን ነው። ጋኑ ባዶ ሲሆን አንድ ሰው በገመድ ይወርድበታል፤ በቼሪ ዛፍ ልጥ መጥረጊያ ይፈትገዋል፣ በድኝ ያጥነዋል፣ በሰም ይቀባዋል። ወይን ሲሞላም ክዳኑን በእርጥብ ጭቃ ይመርጋል። ያ ሰው ለሠላሳ አምስት ዓመት የፒክሪያ አባት ታማዝ ነበር። የመንደሩ የጋን ቤት ቁልፎች በሙሉ ከበሩ ጀርባ ባለ አንድ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው ኖረዋል። የሰውየው ሀብት ያ ሚስማር ነው።

ጉልበቱ እምቢ ካለ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ የምትወርደው ፒክሪያ ናት። «ሴት ከጋን ቤት ከገባች ወይኑ ይታመማል» ብለው ያጉረመረሙ ሽማግሌዎች ነበሩ። እጇን ሲያዩት ግን ዋጡት፤ እንደ እሷ ጋን የሚያጠራ ሰው በሸለቆው አልነበረም። አሁን የዋጡትን ማስመለሻ አገኙ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቤቶች ቁልፋቸውን ወሰዱ። «ዘንድሮ እኛው እናጥበዋለን» አሏት፤ መጥረጊያው በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቁ ሰዎች!

መንደሩ ኤሊዝባርን አንቱ ይላል፤ ታማዝን አንተ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ባለፈው እሑድ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች አማች ሊሆኑ በተቀመጡበት ማዕድ ላይ ነው።

* * *

ወንድ ልጅ ሲወለድ አባትየው በዚያ ዓመት ሳፔራቪ አንድ ጋን ይሞላል፤ ጋኑም ልጁ እስኪታጭ ድረስ ታሽጎ ይቆያል። ለዚህ ሥራ ሌላ ወይን አይመረጥም። ሌላው ጥቁር ወይን ቆዳው ብቻ ነው የጠቆረው፤ ስትጨምቀው ጭማቂው ውሃ ነው። ሳፔራቪ ግን ሥጋውም ቀይ ነው፤ ስሙ ራሱ ማቅለሚያ ማለት ነው። የረገጠውን እግር ቀለሙ እስከ ገና ድረስ አይለቅም። ወጣት ሳለ ምላስ ይናከሳል፣ ጥርስ ያጠቁራል፣ ለማንም አይገዛም። ሃያ ሠላሳ ዓመት አፈር ውስጥ ሲተኛ ልቡ ይረጋል፤ መልኩ ግን አይሸሽም።

«አንቺ ሳፔራቪ ነሽ» ይላት ነበር ኦታር። «አሁን ትናከሻለሽ እንጂ እኔ ቆይቼ ነው የምጠጣሽ።»

«ጋኑን መጀመሪያ እጠበው» ትለዋለች። ይስቃል።

የኤሊዝባር አንድ ልጅ ነው፤ ኮረብታው ከላይ እስከ ታች የእነሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቱን ወይዘሮ ጉሊኮን ሲለምን፣ አባቱን ሲያኮርፍ፣ የጋን አጣቢ ልጅ ላግባ ብሎ ምሳ ሲተው ከርሞ ነው ለዚያ ቀን የበቃው። ፒክሪያ ያን ቀን የለበሰችው ሰማያዊ ቀሚስ የራሷ ስፌት ነበር። አባቷ ደግሞ ያለችውን አንዲት ኮት ለብሶ፣ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ ከኤሊዝባር ቀኝ ተቀመጠ። ከከተማ የመጡት የኦታር አክስቶች ጫማውን አዩ። እሱ ማየታቸውን አየ። ፒክሪያ ሁሉንም አየች።

ደንቡ የመጀመሪያው ዋንጫ ለሙሽራዋ አባት ነው። ኦታር ራሱ የልደቱን ጋን ጭቃ ሰብሮ፣ ክዳኑን አንስቶ፣ ረጅሙን የቅል ጭልፋ ሰደደና ቀዳ። ዋንጫው ታማዝ እጅ ገባ። ምርቃት የሚያሰማው ጽዋ መሪ ሊናገር አፉን ከፍቶ ዓይኑ ዋንጫው ላይ ቀረ።

ወይኑ የገረጣ ሻይ ይመስል ነበር። ዳሩ ላይ ወደ ዝገት የሚሄድ፣ ብርሃን እንደ መስኮት የሚያልፍበት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አንዷ አክስት። ሌላዋም ወዲያው ቀጠለች፤ «ባለፈው መከር ይሄን ክዳን የመረገው ማን ነበር?»

ሁሉም ያውቃል። የጋኑ ምርጊት በየዓመቱ ይታደሳል፤ ባለፈው መከር ብቻዋን ገብታ ያደሰችው ፒክሪያ ናት።

ኦታር ዞሮ አያት። ያንን ዓይን ታውቀዋለች። በሰው መሐል ሲፈልጋት፣ ሲያገኛትም ፈገግ የሚለውን ዓይን ሁለት ዓመት ኖራበታለች። አሁንም ፈለጋት፤ አገኛትም። ግን እንደ እንግዳ ሰው ከላይ እስከ ታች አያት።

«ፒኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ከፍተሽው ነበር እንዴ?»

ቢጮህ ይሻላት ነበር። ቢሰድባት ትሰድበው ነበር። እሱ ግን በለሰለሰ ድምፅ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ጠየቃት። መልሱ ጥያቄው ውስጥ ነበር።

«አንተስ ምን ይመስልሃል?» አለችው።

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ታማዝ ዋንጫውን ሳይቀምሰው በሁለት እጁ አስቀመጠ፤ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ። «ልጄ፣ እንሂድ» አላት። ከግቢው እስኪወጡ የተሰማው የሱ ጉልበት ሲንኳኳ ብቻ ነበር። ፒክሪያ አላለቀሰችም። ዓለም ሁሉ በቀሚሷ ጀርባ በኩል እየነፈሰባት ያለ ይመስል በረዳት፤ ቤት ገብታ እሳት ዳር ተቀምጣም ያ ብርድ አልለቀቃትም።

* * *

በስድስተኛው ቀን የናርጊዛ ባል ጌላ ደብዳቤ አመጣ። ጌላ በየመከሩ የኤሊዝባርን ወይን የሚረግጥ፣ ሚስቱ የምታወራውን ያህል ዝም የሚል ሰው ነው።

«ኦታር ነው የላከው» አለ። «እኔ አላነበብኩትም። ናርጊዛ ልታነብ ነበር፣ ነጠቅኳት።»

ፒክሪያ ደጃፍ ላይ ቆማ ከፈተችው።

«ፒኮዬ፣ እህል ከአፌ ከገባ ስድስት ቀኔ ነው። ያለ አንቺ ይህ ኮረብታ መቃብር ነው። የሆነው ሁሉ ሆኗል። ከጋኑ ወስደሽም ቢሆን፣ ለአባትሽ ጉልበት ማሳከሚያ ብለሽ አድርገሽውም ቢሆን፣ እኔ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ። አባቴንም እለምንልሻለሁ። አንቺ ብቻ መጥተሽ አንድ ጊዜ ጥፋትሽን እመኚ፤ ሠርጉ በቀኑ ይሆናል። የአንቺው ኦታር።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው «ፒኮዬ» የምትለዋን ቃል ብቻ አየች። በሁለተኛው «ይቅር ብዬሻለሁ» ላይ ቆመች። በሦስተኛው ደሟ ከእግሯ ተነስቶ ጆሮዋ ውስጥ መደብደብ ጀመረ።

«አባዬ!» ብላ ገባች። «ደስ ይበልህ፣ ይቅር ተብያለሁ!»

ታማዝ የቼሪውን ልጥ እያሰረ ቀና አለ። «ተይው ልጄ።»

«ምኑን ልተወው? በበደልኩት ይቅር ቢለኝ እግሩን እስማለሁ። ሳልበድለው ይቅር ሲለኝ ግን እድሜ ልኬን አንገቴን ደፍቼ ልኖርለት ነው! እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ይህቺ ናት፣ እሱ እኮ ደግ ነው፣ ይቅር አላት› እየተባልኩ! ልጆቼ የሌባ ልጆች፣ ይቅር የተባለች ሌባ ልጆች እየተባሉ!»

«ይወድሻል።»

«ይወደኛል! ስለሚወደኝ እኮ ነው ሌባ ሆኜም የሚያገባኝ። ሌባ አለመሆኔን ለማመን የሚበቃ ፍቅር ግን የለውም!»

አባቷ ልጡን አስቀመጠ። ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ያ ወይን ዳሩ ዝጎ ነበር» አለ።

ፒክሪያ ባለችበት ቀጥ አለች። እሷም አይታው ነበር፤ ውርደቱ ሸፍኖባት እንጂ። ውሃ ወይንን ያቀጥነዋል፣ አያዝገውም። ያ መልክ በአንድ መከር የመጣ አይደለም። ብዙ ዓመት ቀስ እያለ፣ አፈር ሥር ተኝቶ፣ ማንም ሳያየው የሞተ መልክ ነው። ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ አልነበረችም። ኦታር ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጉንጭ ቀምሶ ወይኑ ከየትኛው ረድፍ እንደተለቀመ የሚናገር ሰው ነው። ያን ቀን እሷና አባቷ ከወጡ በኋላ ቀምሶት ይሆን?

ጥያቄውን ልታባርረው ሞከረች። ጥያቄው ግን ቁጭ ብሎ ቀረ። ያን ዕለት እራት አልቀመሰችም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተጎዳች ልጅ ነበረች፤ አሁን የተናደደች ሴት ሆነች፤ መናደዱም አጥንቷን ያቆመላት ይመስል ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

* * *

ሳፔራቪ ከሁሉም ወይን በኋላ ነው የሚለቀመው፤ ሌላው ተለቅሞ ተጨምቆ ካበቃ በኋላ እሱ ገና ሐረጉ ላይ እንዳኮረፈ ነው። ቅዳሜ የኤሊዝባር ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ከግንድ በተቦረቦረው ገንዳ ውስጥ ሱሪያቸውን ሰብስበው ይረግጣሉ፤ እስከ ጉልበታቸው ወይን ጠጅ ሆነዋል። በወይን ሐረግ ፍም ላይ ሥጋ ይጠበሳል። ሴቶቹ ለውዝ በክር እየሰኩ በፈላው ጭማቂ ይነክራሉ። ናርጊዛ ዳቦ ይዛ መጥታ፣ ሳትሄድ፣ እያወራች ነበር።

ፒክሪያ ባልዲዋንና መጥረጊያዋን ይዛ፣ ነጭ ሻሽ አስራ፣ በዋናው በር ገባች። ወሬው እንደ ውሃ ቧንቧ ተዘጋ።

«እንደምን ዋላችሁ። ጋሽ ኤሊዝባር፣ እንደምን ዋሉ።»

ኤሊዝባር ገንዳው ራስ ላይ ቆመው ነበር። ጎንበስ ብለው የሚረገጠውን ወይን አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለች አንዷ አክስት። «ደግሞ የቀረ አለ?»

«አለ እንጂ። አተላው ቀርቷል።» ወደ ሰዉ ዞረች። «ከጋኑ አፍ ቀድቼ ውሃ ሞላሁበት ነው የሚባለው። እትዬ ናርጊዛ፣ በርሜሉ ስንት ላይ ቆመ?»

አንዱ ሳቀ። ናርጊዛ ዳቦውን ደረቷ ላይ አቀፈች። «እኔን አታስገቢኝ! እኔ የሰው ስም አላነሳም!»

«እሺ። ከላይ ቀዳሁ እንበል። ታች የተኛውን አተላ ግን ጋኑ ባዶ ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም። ጌላ፣ አንተ ሃያ ዓመት የረገጥክ ሰው ነህ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሳፔራቪ ታች ምን ያስተኛል?»

ጌላ እግሩን ሳያቆም አሰበ። «ጥቁር ነገር። እንደ ሬንጅ። ከልብስ ላይ በመቀስ እንጂ በሳሙና የማይወጣ።»

«እግርህን ታጠብና ጭልፋውን እስከ ታች ስደድልኝ።»

ከጌላ ጎን ይረግጥ የነበረው ኦታር ቆመ። «ፒኮ፣ ይሄ አያስፈልግም። እኔ…»

«አንተ ይቅር ብለኸኛል፤ ሥራህን ጨርሰሃል። ተው እኔ የእኔን ልሥራ።»

ሁሉም ኤሊዝባርን አዩ። ይከለክላሉ ተብሎ ተጠበቀ። አልከለከሉም፤ እጃቸውን ገንዳው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ጌላ ከጋን ቤቱ ጭልፋውን ሞልቶ ተመለሰ። ፒክሪያ ሻሿን ፈትታ፣ ፀጉሯ በሰው ፊት ሲፈታ ግድ ሳይሰጣት፣ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘች።

«አፍስስ።»

ሻሹ ላይ የፈሰሰው ጥቁር አልነበረም። የማር ሰፈፍ የመሰለ ቢጫ ጭቃ ነበር፤ መሐሉ ላይ እንደ አሮጌ ቁስል ትንሽ ቅላት ያለበት።

ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። የዚያ ሸለቆ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ነጭ ወይን ላይ ጥቂት ሳፔራቪ ጣል ሲደረግ ገንዳው ሁሉ ቀይ ይሆናል፤ ለከተማ ነጋዴ በየዓመቱ የሚጫነው እንዲያ ነው። ነጋዴው በዓመቱ ይጠጣዋል፣ አይታወቅበትም። ሠላሳ ዓመት ሲተኛ ግን የተበደረው ቀለም ይረግፍና ነጩ ራሱን ይገልጣል።

«ነጭ ወይን ነው» አለ ጌላ። «ሲሞላም ነጭ ነበር።»

«ሲሞላ እኔ አልተወለድኩም» አለች ፒክሪያ።

«ታዲያ ማን ነው…» ብላ ጀመረች ናርጊዛ።

«ናርጊዛ፣ ዳቦሽ ተቃጠለ» አላት ባሏ።

«የቱ ዳቦ? ምድጃዬ ቤት አይደል እንዴ?»

«እንግዲያው ሂጂና እዪው።»

የሳቀ አልነበረም። የሁሉም ዓይን ኤሊዝባር ላይ ነበር። ሰውየው በአንድ አፍታ አርጅተው ታዩ። ወይዘሮ ጉሊኮ የለውዝ ክሯን እንደያዘች ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

ፒክሪያ የቆሸሸውን ሻሽ አጥፋ ባልዲዋ ውስጥ ከተተች። «እኔ የመጣሁት የአባቴን ስም ላጠራ ነው። ከዚያ ያለፈውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቁልፋችሁን የወሰዳችሁ ሦስት ቤቶች ግን እዚህ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። ዛሬውኑ መልሱ። በሰው እንዳትልኩ፤ ራሳችሁ ይዛችሁ ኑና ‹አንቱ› እያላችሁ እጁ ላይ አስቀምጡለት።»

ይህን ብላ ወጣች። ታጥባ የወጣች መስሏት ነበር፤ ግን የንጹሕ ሰው እፎይታ አልተሰማትም። ከኋላዋ የሚሮጥ እግር እየሰማች፣ እንዲደርስባትም እንዳይደርስባትም እየፈለገች ትራመድ ነበር።

* * *

የወይን ረድፉ መጨረሻ ላይ ደረሰባት። ባዶ እግሩን ነበር፤ እስከ ጉልበቱ ቀይ።

«ፒኮ፣ ቁሚ! በቃ፣ አለቀ እኮ! ሁሉም አየ፣ ሁሉም አወቀ። ነገ ሽማግሌ ይዤ ለአባትሽ…»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ምኑን?»

«ኦታር፣ አታድክመኝ። ያን ቀን እኛ ከወጣን በኋላ ቀምሰኸዋል?»

ከሐረጉ አንድ ቅጠል ቀጠፈ። «ቀምሼዋለሁ።»

«እሺ?»

«አወቅኩ። የድሮ መሆኑን አወቅኩ። አንቺ እንዳልሆንሽ…» ጨርሶ አልተናገረውም።

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን።»

ፒክሪያ ሳቀች። ሳቁ እሷን ራሷን አስደነገጣት። «በዚያው ምላስህ ደግሞ የደብዳቤውን ፖስታ ልሰህ አሸግከው!»

«አባቴ ናቸው! ምን ላድርግ? ያ ሁሉ ዘመድ ባለበት የወለዱኝን ሰው ‹የልጅዎን ጋን በነጭ ወይን ያታለሉ እርስዎ ነዎት› ልበላቸው?»

«የእኔስ አባት? እሱ የወለደ አይደለም? የአንተ አባት ከሚዋረድ የእኔ ቢዋረድ ቀለለህ። ለመዋረድ የተለማመደ መሰለህ!»

«ላካክሰው ነበር። ካገባሁሽ በኋላ እኔ…»

«ካገባኸኝ በኋላ ምን? የሰው ጥፋት አሸክመኸኝ ሸክሙን ልታግዘኝ?»

እጇን ያዘ። እጁ የሚያጣብቅ፣ ጥቁር ቀይ ነበር፤ ጣቶቿ ወዲያው ቀለም ያዙ። እያለቀሰ ነበር። ኦታር ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ እሱ ሊሄድ ተንጠራራ፤ ያዘችው።

«እወድሻለሁ ፒኮ። ይህን እንኳ አታምኚም?»

«አምናለሁ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ባትወደኝ ኖሮ ጥያቄህን ከናርጊዛ ወሬ ጋር እጥለው ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ መልሳ አቆመችው። «ያን ቀን ምንም ባትናገር እንኳ ይበቃኝ ነበር፣ ታውቃለህ? አባትህን አታጋልጥ፣ ለእኔም አትሟገት። ዝም ብለህ መጥተህ ከጎኔ ብትቆም። አራት እርምጃ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«ተሳስቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ልልህ እችላለሁ። አንተ ይቅር የሚባልልህ ጥፋት አለህ።» እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች። «አላገባህም እንጂ።»

«በንዴት ነው የምትናገሪው። ይበርድልሻል።»

«ከበረደልኝ በኋላም ጠይቀኝ፤ ያው ነኝ።»

ሄደች። አልተከተላትም። ወንዙ ዳር ደርሳ እጇን ውሃ ውስጥ ከተተች፤ አሸት፣ አሸት አደረገችው። ቀለሙ አልወጣም። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ከኀዘን ይልቅ ንዴት በበዛበት፣ ጥርስ ነክሰው በሚያለቅሱት ልቅሶ።

* * *

ዓመት አለፈ። ሦስቱ ቁልፎች በዚያው ቅዳሜ ተመልሰው ነበር፤ ታማዝ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቱ» ሲባል ዘወር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ። ኤሊዝባር በየካቲት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ በእንቅልፋቸው ሞቱ። ኦታር ከሐዘኑ ወራት በኋላ የከተማ ሐኪም ልጅ አገባ፤ ሠርጉ ባለፈው እሑድ ነበር። ፒክሪያ በሰማች ቀን አንድ ትልቅ ጋን አጠበች፤ ከልክ በላይ ፈተገችው፣ ባለቤቱ «ሸክላውን ልትበሺው ነው እንዴ?» እስኪላት። አሁን የራሷ ሁለት ጋን አላት፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ መንደሮችም በስሟ ይጠሯታል።

ማክሰኞ ከሰዓት ከአንድ ጋን ሥር ሆና ግድግዳውን ስታሽ፣ ከላይ ብርሃኑ ጨለመባት። ጥቁር የለበሰች ሴት የጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር።

«ፒክሪያ፣ እኔ ነኝ። ጉሊኮ።»

መጥረጊያው ቆመ። «እንኳን ደስ አለዎት እትዬ ጉሊኮ። ብርሃኑን ግን ከልለውብኛል።»

ጉሊኮ አልተነቃነቀችም። ድምፅዋ ጋኑ ውስጥ ገብቶ በፒክሪያ ዙሪያ ይዞር ነበር።

«ምዬ ነበር። ኤሊዝባር በሕይወት እያለ ላልናገር፣ ኦታር ሳይዳር ላልናገር ምዬ ነበር። አሁን ሁለቱም አለፈ፤ ዝም ማለት እንቢ አለኝ። ኦታር የስድስት ወር ልጅ ነበር። መብራት ያልነበረበት፣ ጦርነቱ ያለበት ክረምት። ሳምባው ተዘጋ፤ ከንፈሩ እንደ ሳፔራቪ ፍሬ ጠቆረ። በሸለቆው መድኃኒት ያለው አንድ የጦር ሐኪም ብቻ ነበር፤ ለአለቆቹ ድግስ ወይን ፈለገ። ኤሊዝባር የልጁን ጋን ሙሉውን ቀድቶ በጋሪ ወሰደለት። አስራ አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ ተመለሰ። የልጅ ጋን ባዶ ከዋለ ልጁ አያድግም ይባላል፣ ታውቂያለሽ፤ ያለንን ነጭ ወይን ሞላንበት፤ ለመልኩ ከጓሮ የቀረንን ጥቂት ሳፔራቪ ጣል አደረግንበት።»

ፒክሪያ መጥረጊያዋን አስደገፈች። በሰም ከተቀባው ግድግዳ ላይ አንዲት ጠብታ ወርዳ እግሯ አጠገብ አረፈች።

«ጋሽ ኤሊዝባር ይህን በማዕዱ ላይ ቢናገሩ ኖሮ…» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ያንን ወይን ተነስቼ እስከ አተላው እጠጣው ነበር። ለምን አልተናገሩም?»

«ጉዳዩ ሊሸሸግ አልነበረም ልጄ። ሦስት ቀን መስታወት ፊት ቆሞ ንግግሩን ሲያጠና ነበር። ‹ይህ ወይን የገረጣው ልጄ እንዲቀላ ነው› ሊል፣ ከዚያም ከብልቃጦቹ አንዷን ለአንቺ ሊሰጥሽ፤ ኪሱ ውስጥ ይዟት ነበር የተቀመጠው። በኋላማ ልጁን በሰው ፊት ማሳፈር ሆነበት፣ ነገ እናገራለሁ እያለ ኩራቱ በላው። ያን ቀን ግን ሊናገር ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ነበር። ኦታር ቀድሞት አንቺን ጠየቀሽ።»